ማዕበሉ ሲመለስ

አንድ የወደብ ከተማ ነበረች። ከተማዋን ከባሕሩ የሚለያት፣ ያሁኖቹ ነዋሪዎች አያቶች የሠሩት የድንጋይ ግንብ ነው። የነፋሱ ወራት ሲገባ ባሕሩ ያብዳል፤ አራት ወይም አምስት ቀን ግንቡን ሲደበድብ ቆይቶ ይበርዳል። በመጀመሪያው ጸጥ ያለ ቀን የከተማዋ ሰው ሁሉ ግንቡ ላይ ይወጣል። በሰሜኑ ማዕዘን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆምና በአንድ ድምፅ እያዜመ ባሕሩን "አለን!" ይለዋል። ቀኑም "የአለን ቀን" ይባላል።

ከተማዋ በፎቶ አንሺዎቿም ትታወቅ ነበር። በየዓመቱ የማዕበሉን ፎቶ ለማንሳት ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈው ፎቶ ትልቅ ሆኖ ታትሞ በከንቲባው አዳራሽ ይሰቀላል። ፎቶ በፊልም የሚነሳበት ዘመን ነው። በአዳራሹ አርባ ፎቶ ተሰቅሏል፤ በአርባውም ላይ ማዕበል ከግንቡ በላይ እንደ ዛፍ ቆሞ ይታያል።

የፎቶ አንሺዎቹ አሠራር አንድ ዓይነት ነበር። ግንቡ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ማዕበሉ ማዕዘኑን መትቶ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያነሳሉ። ወዲያው ፍንጣቂው ሲወርድባቸው፣ አሁንም ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሉት ነጭ ጨርቅ ሌንሳቸውን ይጠርጋሉ። ጨው ሌንስ ስለሚበላ፣ ጀማሪ ፎቶ አንሺ ካሜራ ከመያዙ በፊት የሚማረው ይህን ዘወር ማለት ነው። ጠርገው ሲመለሱ የሚቀጥለው ማዕበል እየመጣ ነው።

ከእነሱ መካከል በዕድሜ ትንሿ ዘርፌ ነበረች። ብዙ አትናገርም። አርባኛው ፎቶ የእሷ ነው።

በዚያ ዓመት ማዕበሉ በጀመረበት ጠዋት አንድ ሽማግሌ በሯን አንኳኳ። እድሪስ ይባላል፤ ዓሣ ሲያጠምድና መረብ ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው።

"ዘርፌ የምትባይው አንቺ ነሽ?"

"አዎ አባቴ፤ ይግቡ እንጂ።"

"አልገባም፣ እግሬ ጭቃ ነው። ፎቶሽ ውሸታም ይለኛል፤ እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው በሩ ላይ እንደቆመ ቀጠለ።

"በሰሜኑ ማዕዘን ሥር ነው መረብ የምጥለው። አምና መረቤ የግንብ ድንጋይ ይዞልኝ ወጣ። ዘንድሮ ባሕሩ ያለ ወራቱ አንዴ ያበደ ጊዜ ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሬ አወረድኩ። ግንቡን መምታት ሲገባው ወደ ውስጥ ገባ። ሁለት ክንድ፣ ሦስት ክንድ ገባ። ግንቡ ከሥሩ ተቦርቡሯል ልጄ። ያ ሁሉ ሰው ሲወጣበት አይችልም።"

"ለከንቲባው አልነገሩም?"

"ሦስቴ! ሦስቴም አዳራሹ አስገብቶ ፎቶዎቻችሁን አሳየኝ። 'አባባ፣ አርባ ዓመት እንዲህ ያለ ማዕበል ያልነቀነቀውን ግንብ እርስዎ በገመድ ሊጥሉት ነው?' አለኝ። እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀብኝ። መጨረሻ ላይ የተሰቀለው ያንቺ ነው አሉኝ።"

ዘርፌ ፊቷ ጋለ።

"የልጅ ልጄ ዘንድሮ ዜማውን ከሚያስጀምሩት ሕፃናት ጋር ናት፤ ማዕዘኑ ጫፍ ላይ። አትሄጂም ብላት ስታለቅስ ዋለች። እሺ፣ እሷን አስቀረሁ እንበል። የሰዉን ልጅስ?"

"ግን እኮ፣" አለች ዘርፌ፣ "እኛ በየዓመቱ እዚያ ነን። እንዲህ ያለ ነገር ካለ እንዴት አላየነውም?"

"ባሕሩ ሲረጋ አሸዋው ተመልሶ አፉን ይደፍነዋል። የሚከፈተው በማዕበል ነው፤ ያውም ማዕበሉ መትቶ ሲመለስ፣ ውሃውን ሁሉ ጎትቶ ሲሄድ። ለሦስት ትንፋሽ ያህል ይታያል፣ ከዚያ ይሸፈናል።"

"ሲመለስ ..."

"ሲመለስማ እናንተ ሌንስ እየወለወላችሁ ነዋ!"

ዘርፌ አርባውን ፎቶ አንድ በአንድ አሰበች። በአንዱም ላይ የግንቡ እግር አልነበረም።

"ከየት ሆኜ ባነሳ ይታያል?" አለች።

"ከላይ አይታይም። ከማዕዘኑ ጎን ጀልባ የምናወጣበት ተዳፋት አለ። ከዚያ ነው። ግን ውሃው ይደርስብሻል።"

"ነገ እመጣለሁ።"

"ማዕበሉ ነገን አይጠብቅሽም። ሲበርድ አፉም ይዘጋል፣ ሰዉም ይወጣል።"

ዘርፌ ካሜራዋን አነሳች።

ግንቡ ላይ የነበሩት ፎቶ አንሺዎች ወደ ተዳፋቱ ስትወርድ አዩዋት። አለቃቸው ጋሽ ተድላ ነበር። ዘርፌን ያስተማራት እሱ ነው፤ በአዳራሹ ከተሰቀሉት ሰባቱ የእሱ ናቸው።

"ዘርፌ! ዓሣ ማጥመድ ጀመርሽ?" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁ። "ከዚያ ሆነሽ የማዕበሉን ራስ አታገኚም፤ ጫማውን ነው የምታነሺው!"

"ጫማውን ፈልጌ ነው ጋሼ፣" አለች ዘርፌ። ድምፅዋ ግን ትንሽ ስለነበር ማንም አልሰማትም።

እድሪስ ወገቧን በገመድ አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ጀልባ በሚታሰርበት የብረት ቀለበት ላይ ቋጠረ። ማዕበሉ መጣ፣ ማዕዘኑን መታ፣ ወደ ላይ ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጣቷ ራሱ ተጫነ። ዘርፌ አላዘዘችውም። በሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ። እስከ ከሰዓት ድረስ ሠላሳ ስድስት ፎቶ አነሳች። ፊልሙን አጥባ ስታየው ሠላሳ ስድስቱም የሚያምሩ ማዕበሎች ነበሩ።

እድሪስ ፎቶዎቹን አገላብጦ አየ። "ያምራሉ፣" አለ። "ሌላ አርባ ዓመት ያሳስቁብኛል።"

በሁለተኛው ቀን ማዕበሉ ጫፍ ሲደርስ ላታነሳ ለራሷ ማለች፤ አላነሳችምም። ነገር ግን ፍንጣቂው ሲወርድባት እጇ አንገቷ ላይ ያለውን ጨርቅ ያዘ፣ እግሯም ዞረ።

"አትዙሪ!" ብሎ ጮኸ እድሪስ።

ስትሰማው ዞራ ጨርሳለች። አሥር ጊዜ ሞከረች፣ ሃያ ጊዜ ሞከረች። ላለመዞር ስትታገል ደግሞ ሌንሱ በውሃ ይሸፈናል። የዚያን ቀን ፊልም ላይ ከግራጫ ጉም በቀር ምንም አልነበረም።

ያን ጊዜ የምትታገለው ከባሕሩ ጋር እንዳልሆነ ገባት። የምትታገለው ስድስት ዓመት ካሠለጠነችው ከገዛ እጇ ጋር ነው።

በሦስተኛው ቀን ነጩን ጨርቅ ከአንገቷ አውልቃ ለእድሪስ ሰጠችው። "ብለምንዎትም እንዳይመልሱልኝ፣" አለችው። ካሜራውን ከዝናብ ካፖርቷ ሥር ደበቀች፤ ማዕበሉ ሲመታ ሌንሱ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ዓይኗንም ልትጨፍን ወሰነች።

"ማዕበሉ መትቶ ሲያልፍ 'አሁን' ይበሉኝ።"

"ሳታይው? የመጣሽው ለማየት አይደለም እንዴ?"

"ካየሁት ጣቴ ይቀድመኛል።"

ማዕበሉ መጥቶ ማዕዘኑን መታ።

"አሁን!" አለ እድሪስ። ዘርፌ ዓይኗን ገለጠች። ነገር ግን ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው ነበር፤ የካፖርቷን ቁልፎች ፈትታ ካሜራውን እስክታወጣ ውሃው ተመልሶ መጣ። ቀኑን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ፣ በሁለት ትንፋሽ ስትዘገይ ዋለች።

ቤቷ ተመልሳ ቁልፎቹን በሙሉ በመቀስ ቆረጠቻቸው። በምትካቸው አንድ ክር አሰረች፤ ሲስቡት የሚፈታ። ከዚያ እድሪስን ወንበር ላይ አስቀምጣ እንዲያጨበጭብ ጠየቀችው። እሱ ሲያጨበጭብ እሷ ክሩን ትስባለች፣ ካሜራውን ታነሳለች፣ ትጫናለች። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ካፖርቱ ውስጥ ይሰናከል ነበር። ከስድሳ ጊዜ በኋላ መሰናከሉን ተወ።

"እጄ አበጠ፣" አለ እድሪስ።

"የኔም፣" አለች ዘርፌ። "አሥር ብቻ እንጨምር።"

በአራተኛው ቀን ጠዋት ነፋሱ ደከመ። ማዕበሉ ይመጣል፣ ነገር ግን ሲመለስ የግንቡን እግር እስኪያሳይ አይጎትትም። ግንቡ ላይ አንዳንዶቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሴቶች ለነገው በዓል ማዕዘኑን ሊጠርጉ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ዘርፌ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ፎቶ አላነሳችም።

ከዚያ ከላይ ጩኸት ሰማች።

"መጣ! መጣ! ተመልከቱ!"

ሩቅ ላይ ባሕሩ እንደ ኮረብታ ተነስቶ ነበር። ፎቶ አንሺዎቹ መሰብሰቡን ትተው፣ ካሜራቸውን ይዘው ወደ ግንቡ ጫፍ ሮጡ። ጋሽ ተድላ ቁልቁል ወደ ተዳፋቱ አየና ተማሪውን ዘርፌን ካሜራዋን ደብቃ ቆማ አገኛት። ከሁሉም የተሻለው ቦታ ላይ ያለችው እሷ ነበረች።

"ዘርፌ! ምን ነካሽ? ካሜራሽን አውጪ እንጂ! የዕድሜ ልክ ነው ይሄ!"

ዘርፌ ሰማችው። እውነቱን መሆኑንም ታውቃለች። እንዲህ ያለ ማዕበል ላንድ ፎቶ አንሺ በዕድሜው አንዴ ይመጣለታል፤ ለብዙዎቹም አይመጣላቸውም። ክሩን አጥብቃ ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች።

ማዕበሉ ግንቡን ሲመታ መሬቱ ከእግሯ ሥር ተናወጠ። ውሃው ደረቷን መታት፤ ገመዱ ተወጥሮ ወገቧን ቆረጣት። ከላይ ፎቶ አንሺዎቹ በደስታ ጮኹ። ከዚያም ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘወር አሉ።

"አሁን!" አለ እድሪስ።

ዘርፌ ክሩን ሳበች። ባሕሩ ጠጠሩን እየጎተተ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። የግንቡ እግር መታየት ጀመረ፤ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ ሁለተኛ ረድፍ። ሦስተኛው ረድፍ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ጨለማ አፍ ነበር። በሬ ከነቀንዱ ይገባበታል። ከላዩ ያለው ያ ሁሉ ድንጋይ የተቀመጠው ባዶ ላይ ነው።

አንዴ ተጫነች፤ ፊልሙን አዙራ ደገመች። ለሦስተኛው ስትሰናዳ አረፋው መጥቶ ሸፈነው።

በዚያው ከሰዓት ባሕሩ ጸጥ አለ። አዋጅ ነጋሪው ነገ የአለን ቀን መሆኑን እየጮኸ ዞረ።

ዘርፌ ፊልሙን አጥባ፣ ፎቶውን በትልቁ አትማ፣ ወረቀቱ በወጉ ሳይደርቅ ከእድሪስ ጋር ወደ አዳራሹ ሄደች። ከንቲባው ከፎቶ አንሺዎቹ ጋር ያመቱን ማዕበል ሊመርጥ ተቀምጦ ነበር። ፎቶውን ተቀብሎ ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው። ፎቶው ትንሽ አጋድሏል፤ አንዱ ጥግ ላይ የውሃ ጠብታ አርፎበታል።

"ማዕበሉ የታለ?" አለ ከንቲባው።

"ሄዷል ክቡር ከንቲባ።"

"ታዲያ ምኑን ነው ያነሳሽው?"

"ሲሄድ ያሳየንን።"

ፎቶ አንሺዎቹ ሳቁ። አንደኛው አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ጥላ ነው፣" አለ። "ግንብ መቼም ጥላ አለው። ለዚህ ነው እንዴ አራት ቀን የታጠብሽው?"

ከንቲባው ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጄ፣" አላት፣ "አርባ ፎቶ ግንቡ ጠንካራ ነው ይለኛል። ያንቺ አንድ ፎቶ አይደለም ይለኛል። የቱን ልመን?"

ዘርፌ በሰው ፊት መናገር ያስፈራት ነበር። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ያዘችውና ተናገረች።

"አርባዎቹ አይዋሹም፤ አንዱ የኔ ነው። ግን አርባ ምስክር አይደሉም ክቡር ከንቲባ። ሁላችንም ያነሳነው ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅጽበት ነው። አንድ ፎቶ ነው አርባ ጊዜ ያነሳነው።"

ጋሽ ተድላ ተነስቶ ፎቶውን ከከንቲባው እጅ ወሰደ። ከኪሱ ማጉያ መነጽር አውጥቶ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

"ሌንሱን መቼ ጠረግሽው?" አላት።

"አልጠረግኩትም ጋሼ።"

"የዛሬው ማዕበል ሲመጣስ? ሳታነሺው አሳለፍሽው?"

"አሳለፍኩት።"

ጋሽ ተድላ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰባት ፎቶዎቹን አየ። ከዚያ ወደ ባልደረቦቹ ዞረ።

"እኔ እዚያ ማዕዘን ላይ ሠላሳ ዓመት ቆሜያለሁ፣" አለ። "ማዕበሉ ሲመጣ ስንቴ እንዳየሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ሲመለስ ግን አንድ ቀን አላየሁም። ይሄ ጥላ ነው ያልከው አንተ፣ አይተህ ታውቃለህ?"

ሰውየው አቀረቀረ።

"ከመካከላችን ያየ አለ?"

ፎቶ አንሺዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"እንግዲያው ያየችው እሷ ብቻ ናት። እሳቸውም፣" አለ ወደ እድሪስ እየጠቆመ፣ "በገመዳቸው አይተውታል። እኔ ነገ እዚያ ማዕዘን ላይ አልወጣም።"

"ሕዝቡን ምን ልበለው?" አለ ከንቲባው። "ያያቶቻችንን ልማድ እኔ ላፍርስ?"

"ልማዱ አለን ማለት ነው፣" አለች ዘርፌ። "ለማለት መኖር አለብን።"

ከንቲባው እጁን ዘርግቶ ፎቶውን መልሶ ተቀበለ። ከዚያ አዋጅ ነጋሪውን አስጠራ።

በማግስቱ ሰዉ በግንቡ ፈንታ ከከተማዋ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥቶ አዜመ፤ ቅር እያለው። ነፋሱ ዜማውን በታተነው። ቁልቁል ሲመለሱ አንዳንዶች ዘርፌን እያዩ፣ "በዓላችንን ያበላሸችው እሷ ናት፣" ይሉ ነበር። በዚያው ሳምንት ግንበኞች የማዕዘኑን ወለል ከላይ አንስተው ገመድ አወረዱ። ዘጠኝ ክንድ ገባ።

ጉድጓዱን ለመሙላት እስከሚቀጥለው የነፋስ ወራት ድረስ ድንጋይ በጀልባ ሲመላለስ ከረመ። የዘርፌ ፎቶ አዳራሹ ውስጥ አልተሰቀለም። ግንበኞቹ ወስደው ሲሚንቶ በነካው እጃቸው እያገላበጡ፣ የትኛው ድንጋይ የት እንደጎደለ እየቆጠሩ ሠሩበት፤ ሥራው ሲያልቅ ፎቶውም አብሮ አለቀ። ዛሬም በዚያች ከተማ "ግንቡ ባይነካም አይወድቅም ነበር" የሚሉ አሉ። ዘርፌ አትከራከራቸውም። ያልደረሰን ነገር በፎቶ ማሳየት አይቻልም። በየዓመቱ ማዕበሉ ሲጀምር ካፖርቷን ለብሳ ወደ ተዳፋቱ ትወርዳለች፤ አሁን ብቻዋን አይደለችም፣ ካሜራ የያዙ ሌሎችም አብረዋት ይወርዳሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁላችንም የየራሳችን ግንብ አለን። ቤታችን፣ ወዳጅነታችን፣ ትዳራችን፣ ጤናችን ሊሆን ይችላል። ጠቡ፣ ችግሩ፣ ሐዘኑ እየጮኸ ሲመጣ ሁላችንም እናየዋለን፤ ለሰውም እናወራለን። ሲያልፍ ግን "ተመስገን፣ ቆመናል" ብለን ፊታችንን ለመጥረግ ዘወር እንላለን። ከሥራችን ድንጋይ የሚወሰደው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። እሱን ማየት ደስ አይልም፤ ጭብጨባም የለውም። ሁሉም ወደ ላይ ሲያይ ወደ ታች ማየት፣ የሚያምረውን ሆን ብሎ ማሳለፍ፣ የለመደ እጅን ደጋግሞ ማረም ይጠይቃል። የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ባለፈው ማዕበል ቤትህ አልወደቀም፤ ያንቺም አልወደቀም። ሲመለስ ይዞት የሄደውንስ አይታችኋል?